ደም የሚለውና የማይለው፤ ኬሞቴራፒ በጡት ካንሰር ላይ የሚኖረውን ውጤት ከደም ምርመራ አስቀድሞ ስለማወቅ

የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴት ኬሞቴራፒ ከመጀመሯ በፊት ደሟ ተቀድቶ ይመረመራል። ምርመራው ርካሽ ነው፤ መጠነኛ ላቦራቶሪ ባለበት ሁሉ ይሠራል፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይደርሳል። የሚወጣው አንድ ገጽ ወረቀት የቀይ ሕዋሳትን፣ የነጭ ሕዋሳትንና ደም የሚያረጉትን ቅንጣቶች ብዛት ይዘረዝራል። ሐኪሙ ወረቀቱን የሚያየው ሰውነቷ መድኃኒቱን ለመሸከም መብቃቱን ለማረጋገጥ ነው። ካለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ግን ከዚሁ ወረቀት ላይ ሌላም ነገር ማንበብ ይቻላል የሚሉ ተመራማሪዎች በርክተዋል። እነርሱ እንደሚሉት፣ በደሟ ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ብዛትና ዓይነት መድኃኒቱ ዕብጠቱን ያጠፋው ወይም ሳያጠፋው ይቀር እንደሆነ ገና ከመነሻው ይጠቁማሉ።

ነገሩን እንድንጽፍ ያነሣሣን በምንኖርበት ከተማ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እኅታችን ያቀረበችልን ጥያቄ ነው። ኬሞቴራፒዋን ልትወስድ በሄደች ቁጥር ነጭ የደም ሕዋስሽ አንሷል እየተባለች ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። «ፕሮፌሰር» አለችን፣ «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነጭ ሕዋስሽ አነስተኛ ነው ስባል ነው የኖርኩት፤ በዚህ ምክንያት ታምሜ አላውቅም። አሁን ግን መድኃኒቴን አስቀረብኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ቁጥር ማነሱ መድኃኒቱ እንደሚሠራ ጥሩ ምልክት ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እርስዎ የትኛውን ልመን ይሉኛል?»

እኛ የካንሰር ሐኪም አይደለንም፤ ሙያችን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጥናት ነው። ሆኖም ጥያቄዋ የሙያችን እንብርት ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ በአንድ ቡና ላይ የመለስንላት መልስ አላረካንም። እነሆ የተሟላውን መልስ በዚህ መጽሔት አማካይነት እናቀርባለን። ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል፤ «ነቀርሳ» የሚለው የቆየ ስያሜ ከሳንባ በሽታው ጋር ስለሚያደናግር «ካንሰር» ማለትን መርጠናል። ለላቦራቶሪ ቃላትም ማንም የማያውቀውን አዲስ ትርጉም ከመፍጠር ይልቅ ሐኪሞቻችን በየዕለቱ የሚናገሩትን ወስደናል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት

የጡት ካንሰር ሕክምና ለረዥም ዘመን በቀዶ ሕክምና ይጀመር ነበር፤ ኬሞቴራፒ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይጠቅም እንደሆነ ለመፈተን በአሜሪካ በበርናርድ ፊሸር የሚመራው የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ጀመረ። 1,523 ሴቶች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ወሰደ። በሕይወት በመቆየት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ላይ ላዩን ሲታይ ጥናቱ ምንም አላመጣም ሊባል ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቀድም ዕብጠቱ በቦታው ስላለ፣ መድኃኒቱ ምን እንዳደረገው በዓይን ማየት ተቻለ። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምናውን ተከትሎ ሲሰጥ የሚታይ ዕብጠት የለም፤ ሠራ አልሠራ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ በሽታው ሲመለስ ወይም ሳይመለስ ሲቀር ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ቀድሞ በተሰጠበት ጊዜ፣ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣውን ሥጋ ባለሙያው በማጉያ መነጽር ሲመረምር አንዳንዴ ከጡቱም ሆነ ከብብት ዕጢዎች ውስጥ አንድም ወራሪ የካንሰር ሕዋስ አያገኝም። ይህን ሙሉ ምላሽ እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 12,000 የሚጠጉ ሕመምተኞችን ውጤት ያጠናቀረ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙሉ ምላሽ ያገኙት ሴቶች ካላገኙት ይልቅ ረዥም ዕድሜ ይኖራሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየውም የኤስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮን እና የኸርቱ ተቀባዮች ሦስቱም በሌሉበት ዓይነትና ኸርቱ በበዛበት ዓይነት ላይ ነው። ሙሉ ምላሽ ያላገኘችውም ብትሆን ተስፋዋ አልተቆረጠም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጃፓንና ከደቡብ ኮሪያ የወጣ ጥናት ካፔሲታቢን የተባለው እንክብል የተረፈ ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቷል። እንግዲህ ምላሹን ማወቅ ቀጣዩን ሕክምና ይወስናል። ተመራማሪውን እንቅልፍ የሚነሣው ጥያቄ ግን ስድስት ወር ከመጠበቅና ከማስታወክ፣ ፀጉርም ከማጣት በፊት ይህን ማወቅ አይቻልም ወይ የሚለው ነው።

መርዝና ሠራዊት

ኬሞቴራፒ ሕዋስን የሚገድል መርዝ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ መርዝ ለመሥራት የሰውነት መከላከያ ምን ያደርግለታል? እኛም በተማሪነት ዘመናችን የተማርነው ተቃራኒውን ነበር። መድኃኒቱ የመከላከያ ሕዋሳትን ጭምር ስለሚጨፈጭፍ፣ ሁለቱ ጠላቶች ናቸው ይባል ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት መካከል ከፓሪስ አጠገብ በቪልዡዊፍ የሚሠሩት ላውራንስ ዚትቮግልና ጊዶ ክሮመር ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ባወጧቸው ጥናቶች እንደገለጹት፣ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች (ሕመምተኞች «ቀዩ» የሚሉት ነው) የካንሰሩን ሕዋስ ሲገድሉት ዝም ብሎ አይሞትም። ከውስጡ የነበረ ካልሬቲኩሊን የተባለ ፕሮቲን ወደ ላዩ ይወጣል፤ ይህም ለመከላከያ ሕዋሳት «ኑ ብሉኝ» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱን ያዩ ሕዋሳት ሬሳውን በልተው የካንሰሩን መልክ ለሊምፎሳይቶች ያሳያሉ፤ ሊምፎሳይቶቹም መርዙ ያልደረሰባቸውን የካንሰር ሕዋሳት እያደኑ ይገድላሉ። የመከላከያ ሥርዓታቸው በጎደለ አይጦች ላይ ያው መድኃኒት በሚገባ አልሠራም። እንግዲህ መርዙ በር ይከፍታል፤ ቤቱን የሚፈትሸው ሠራዊቱ ነው።

ይህ በሰውም እንደሚሠራ ከዕብጠቱ ውስጥ የተገኘው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ጀርመናዊው ካርስተን ዴንከርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ኬሞቴራፒን አስቀድመው የወሰዱ 3,771 ሕመምተኞችን መረጃ አጠናቅረው አሳተሙ። ከሕክምናው በፊት በመርፌ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ስንት ሊምፎሳይት ሰርጎ እንደገባ ቆጠሩ። ሦስቱም ተቀባዮች በሌሉበት ዓይነት፣ ሊምፎሳይት በጥቂቱ ከሰረገባቸው ሴቶች ሙሉ ምላሽ ያገኙት 31 በመቶ ሲሆኑ፣ በብዛት ከሰረገባቸው ግን 50 በመቶ ነበሩ። ሆርሞን ተቀባይ ባለው፣ ኸርቱ በሌለው ዓይነት ደግሞ ቁጥሩ ከ6 በመቶ ወደ 28 በመቶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሌላ ትልቅ ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሦስቱም ተቀባዮች በሌሉበት ካንሰር ላይ ሠራዊቱን ከልጓሙ የሚፈታው ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት በኬሞቴራፒው ላይ ሲጨመር፣ ሙሉ ምላሽ ከ51.2 በመቶ ወደ 64.8 በመቶ አድጓል።

አንድ ወረቀት፣ ሁለት ቁጥር

ከጡት ላይ ናሙና በመርፌ መውሰድ ያማል፤ ደጋግመውም አያደርጉት። ደም ግን በየሳምንቱ ሊቀዳ ይችላል። ስለዚህ በዕብጠቱ ውስጥ የታየው በደምም ይታይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ከተሞከሩት የደም ምልክቶች ሁሉ እጅግ የተጻፈበት ከተራው ወረቀት ላይ የሚሰላው የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ውድር ነው። ኒውትሮፊል ባክቴሪያን ለመዋጋት ፈጥኖ የሚደርስ፣ ከነጭ ሕዋሳት ሁሉ በብዛት የሚገኝ ሕዋስ ነው። ሊምፎሳይት ጠላቱን መርጦ የሚያስታውስና የሚገድል ነው። አንዱን ለሌላው ማካፈል ብቻ ነው። 4,500 ኒውትሮፊልና 1,500 ሊምፎሳይት ያላት ሴት ውድሯ 3 ነው።

ከውድሩ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ባዶ አይደለም። አንዳንድ ዕብጠቶች መቅኔን ኒውትሮፊል አብዝቶ እንዲያመርት የሚያዝዙ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፤ ከእነዚህ ኒውትሮፊሎችም ገሚሶቹ የሊምፎሳይትን ክንድ የሚይዙ ናቸው። ስለዚህ ከፍ ያለ ውድር የታሰረ ሠራዊት ምልክት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ማጠቃለያ 15 ጥናቶችንና 8,563 የጡት ካንሰር ሕመምተኞችን አጠናቅሮ፣ ውድራቸው ከፍ ያለ ሴቶች የመሞት አደጋቸው ዝቅ ካለላቸው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ እንደሆነ ዘግቧል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲል እንለምናለን፤ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋልና።

አንደኛው፣ ይህ ማጠቃለያ የለካው የዕድሜን ርዝመት እንጂ የኬሞቴራፒን ምላሽ አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለም መሬት የተዘራበትን ሁሉ ያበቅላል፤ ለም መሆኑን ማወቅ ግን ምን እንደምትዘራ አይነግርህም። መረሬው ውኃ የሚቋጥር መሆኑን ማወቅ ግን ጤፍ ዝራ፣ ገብስ ተው የሚል ምክር ይሰጣል። ከፍ ያለ ውድር ያላት ሴት ኬሞቴራፒ ብትወስድም ባትወስድም በሽታዋ የሚጠና ከሆነ፣ ውድሩ ስለ መሬቱ ተናገረ እንጂ ስለ ዘሩ አልተናገረም። ስለ ምላሹ በቀጥታ የጠየቁ ጥናቶችም አሉ፤ አብዛኞቹ በአንድ ሆስፒታል የተደረጉ፣ ሕመምተኞቻቸው ጥቂት የሆኑና የቆዩ መዝገቦችን ወደ ኋላ የተመለከቱ ናቸው። ውጤታቸውም አይስማማም። አንዱ ዝቅ ያለ ውድር ከሙሉ ምላሽ ጋር ይሄዳል ሲል ሌላው ምንም ዝምድና አላገኘሁም ይላል።

ሁለተኛው፣ «ከፍ ያለ» የሚባለው የቱ ነው? ከላይ በጠቀስናቸው 15 ጥናቶች ውስጥ ድንበሩ ከ1.9 እስከ 5 ድረስ ይለያያል። ውድሯ 2.5 የሆነ ሴት በአንዱ ጥናት ከጥሩዎቹ፣ በሌላው ከመጥፎዎቹ ትመደባለች። ይህ የሚሆነው ብዙ ተመራማሪዎች ድንበሩን አስቀድመው ስለማይወስኑ ነው፤ የራሳቸውን መረጃ አይተው ልዩነቱን አጉልቶ የሚያሳየውን ቁጥር ይመርጣሉ። እንዲህ ያለው አሠራር ቀስቱ ካረፈ በኋላ ዒላማውን ዙሪያውን እንደ መሳል ነው።

ሦስተኛው፣ በቡድን ላይ እውነት የሆነ ነገር ለአንዲት ሴት ምን ያህል ይረዳል የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ 100 ሴቶችን እንውሰድ፤ ከእነርሱ 30ዎቹ ሙሉ ምላሽ የሚያገኙ ይሁኑ። አንድ የደም ምልክት ከ30ዎቹ 18ቱን በትክክል «ይሠራላታል» ቢል፣ ከቀሩት 70ዎቹ ደግሞ 25ቱን በስሕተት እንደዚሁ ቢል፣ ይህ በመጽሔት ላይ ለመታተም የሚበቃ ምልክት ነው። ነገር ግን «ይሠራላታል» ከተባሉት 43 ሴቶች ሙሉ ምላሽ የሚያገኙት 18ቱ ብቻ ናቸው። «አይሠራላትም» ከተባሉት 57 መካከል ደግሞ 12ቱ ሙሉ በሙሉ ይድንላቸው ነበር። በዚህ ምልክት ተመርቶ ኬሞቴራፒን የሚከለክል ሐኪም አሥራ ሁለት ሴቶችን በደለ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የዕለት ተዕለቱ ነገር ይጨመራል። ማስታወክን ለመከላከልና ከፓክሊታክሰል በፊት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ኒውትሮፊልን ያበዛል፤ ሊምፎሳይትን ይቀንሳል። ደሟ መድኃኒቱን ከመዋጧ በፊት ወይም በማግስቱ መቀዳቱ ብቻ ውድሩን ሊቀይረው ይችላል። የጥርስ ቁስል፣ እርግዝና፣ ሲጋራ፣ የነጭ ሕዋስ ማብዣ መርፌም እንደዚሁ ናቸው። ካነበብናቸው ጥናቶች ስንቶቹ የደሙን መቀዳት ሰዓት እንደጻፉ ብንቆጥር ያሳፍራል።

ከውድሩ የረቀቁ ምልክቶችም አሉ። ሠራዊቱን የሚያዳክሙ ገና ያልበሰሉ የመቅኔ ሕዋሳት በደም ውስጥ መብዛታቸው ከበሽታው ደረጃ ጋር እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ2009 ታይቷል። ፒዲ-1 የተባለውን ልጓም የተሸከሙ ቲ-ሊምፎሳይቶች ከኬሞቴራፒ በፊትና በኋላ እንዴት እንደሚለወጡም እየተጠና ነው። እነዚህ ከተራው ቆጠራ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የሚጠጉ ናቸው ብለን እናምናለን፤ ዳሩ ግን ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሌዘር እየለየ የሚቆጥር ውድ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይሻሉ። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በዕብጠቱ ውስጥ የሚቆጠሩት ሊምፎሳይቶች እንኳ ከጥናት ውጭ ኬሞቴራፒን አስቀድሞ ለመስጠት ወይም ለመተው መወሰኛ እንዳይሆኑ መክሯል። ማስረጃቸው ከደሙ ምልክት ይልቅ እጅግ የጠነከረው እነዚያ ካልተፈቀደላቸው፣ የደሙ ውድር ገና ወረፋ ላይ ነው።

የእኛ ደም

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛዪቱም ሴት ይሆናል። የእኅታችን ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል።

በቀይ ሕዋስ ላይ የሚገኝ ደፊ የሚባል ፕሮቲን አለ። በምዕራብ አፍሪካ ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሱ ላይ ያለው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በአውሮፓ ደግሞ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ሁለቱም አሉ፤ በአንድ መንደር፣ በአንድ ቤተ ሰብም ውስጥ ሳይቀር። ይህ ፕሮቲን ለቪቫክስ ወባ መግቢያ በር መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ወባው በምዕራብ አፍሪካ ብርቅ ሆኖ በሀገራችን የተስፋፋበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳዩ፤ ደፊን ከቀይ ሕዋስ ላይ የሚያስቀረው የጂን ለውጥ ያላቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ኒውትሮፊል አነስተኛ ነው። በሽታ አይደለም። በኋላ እንደተረዳነው መቅኔያቸው ኒውትሮፊልን በሚገባ ያመርታል፤ ኒውትሮፊሉ ግን ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ የመግባት ጠባይ አለው። ሲፈለግ ይገኛል፤ በመርፌ ሲቀዳ ግን አይታይም። በእስራኤል ያሉ ሐኪሞችም ይህን ጉዳት የሌለውን የነጭ ሕዋስ ማነስ በየመናውያን አይሁድና በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ዘንድ ቀድመው አስተውለውት ነበር።

ኒውትሮፊል የውድሩ ላይኛው ቁጥር ነው፤ እርሱ ሲያንስ ውድሩ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ከ9,000 በላይ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት የነጮች አማካይ ውድር 2.24፣ የጥቁሮች 1.76 መሆኑን አሳይቷል። አብዛኞቹ የድንበር ቁጥሮች የተወሰዱት ደግሞ ከአውሮፓ፣ ከምሥራቅ እስያና ከአሜሪካ ሆስፒታሎች ነው። እንግዲህ አንዲት ኢትዮጵያዊት 1,600 ኒውትሮፊልና 1,600 ሊምፎሳይት ይዛ ብትቀርብ ውድሯ 1 ይሆናል፤ በየትኛውም ጥናት ድንበር ከ«ጥሩዎቹ» ትመደባለች። ይህን ያደረገው ግን ከእናትና ከአባቷ የወረሰችው ጂን ሊሆን ይችላል፤ ዕብጠቷ የለበትም። ዕብጠቱ ኒውትሮፊሏን እጥፍ አድርጎባት ውድሯ 2 ቢደርስ እንኳ፣ ድንበሩ 3 በሆነበት ሠንጠረዥ ላይ አሁንም ከጥሩዎቹ ናት። በሰውነቷ ውስጥ የሆነውን ለውጥ የውሰት ድንበር አያየውም።

ታችኛው ቁጥርም እንደዚሁ የራሱ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራ የነበረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ጥናት ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር አነጻጽሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ኢትዮጵያውያኑ ሲዲ-4 የተባለው ሊምፎሳይታቸው ያነሰ፣ ገና ጠላት ያላዩ ትኩስ ሊምፎሳይቶቻቸው ጥቂት፣ ተቀስቅሰው በሥራ ላይ ያሉት ደግሞ የበዙ ሆነው ተገኙ። በረሖቮት ይሠራ የነበረው የጽቪ ቤንትዊች ቡድን በበኩሉ አዲስ የመጡ ቤተ እስራኤላውያንን መርምሮ፣ ይህን መቀስቀስ ከአንጀት ትላትል ጋር አያይዞታል። ሰዎቹ ከትሉ ሲታከሙና በአዲሱ አገር ሲቆዩ ደማቸው እየረጋ ሄዷል። እንግዲህ አንዱ ልዩነት በውርስ የመጣ፣ ሌላው በኑሮ የመጣ ነው። ጎንደር ውስጥ የምትታከመውና ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን የኖረችው ታናሽ እኅቷ አንድ ዓይነት ጂን ሊኖራቸው ይችላል፤ የሊምፎሳይታቸው ሁኔታ ግን አንድ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። ፒዲ-1ን የመሰሉ የመቀስቀስ ምልክቶችን ለካንሰር ትንበያ ማዋል የሚሻ ሁሉ ይህን ሊያልፈው አይገባም።

የደሙ ምልክት ይረዳል የሚባለው በይበልጥ ሦስቱም ተቀባዮች በሌሉበት ካንሰር ላይ ነው፤ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ካንሰር ከዚህ ዓይነት የመሆን ዕድሉ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከፍ ያለ አይደለም። «የአፍሪካ ጡት ካንሰር» ሲባል አብዛኛው ሰው ይህንን ክፉ ዓይነት ያስባል። በጋናና በኢትዮጵያ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ንጽጽር ግን በጋና ከግማሽ በላይ ሲሆን በኢትዮጵያ ወደ 15 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናትም ከሦስት ሕመምተኞች የሁለቱ ያህል ካንሰር የኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አግኝቷል። በዚህ ዓይነት ላይ የኬሞቴራፒ ሙሉ ምላሽ ከመነሻውም ጥቂት ነው። ከሕመምተኛዋ ዕድሜ ላይ ብዙ የሚጨምረው ለዓመታት የሚዋጥ ርካሽ የሆርሞን መድኃኒት ነው፤ ስለዚህም ከውድር በፊት የተቀባይ ምርመራ መቅደም አለበት።

ወደ እኅታችን ጥያቄ የመጀመሪያ ግማሽ እንመለስ። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጉዳት ያለው። በብዙ ቦታ ኬሞቴራፒ የሚሰጠው ኒውትሮፊል ከ1,500 ወይም ከ1,000 በላይ ሲሆን ነው። ድንበሩ የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ በኬሞቴራፒ መካከል ኒውትሮፊል ወርዶ ትኩሳት ከመጣ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ማንም ሊዘናጋበት አይገባም። ነገር ግን ጤነኛ ሳለች 1,600 የነበረች ሴትና 5,000 የነበረች ሴት 1,400 ላይ ቢገናኙ፣ የወረዱት መንገድ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኒው ዮርክ የወጣ ጥናት አፍሪካዊ-አሜሪካውያት የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ገና ከመነሻው ነጭ ሕዋሳቸው ያነሰ እንደነበረና ሕክምናቸውን ለመፈጸምም ከነጮቹ የበለጠ ጊዜ እንደወሰደባቸው አሳይቷል። መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። የሚላኖው ጂያኒ ቦናዶና እ.ኤ.አ. በ1995 የሃያ ዓመት ክትትሉን ሲያትም፣ ከኬሞቴራፒው ጥቅም ያገኙት ከታዘዘላቸው መጠን ቢያንስ 85 በመቶውን የወሰዱት ሴቶች መሆናቸውን አመልክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የቦስተን ተመራማሪዎች ደፊ ለሌላቸው ሰዎች የተለየ የጤነኛ መጠን አውጥተዋል። በተለመደው ሠንጠረዥ ቢለኩ ከእነዚህ ጤነኞች ብዙዎቹ ጎደሎ ይባሉ ነበር።

ለእኅታችን የነገርናት እንግዲህ ይህን ነው። በእርስዋ ደም ላይ ያ ቁጥር ማነሱ መድኃኒቱ እንደሚሠራ አያመለክትም፤ ራሱን የቻለ ክፉ ነገርም አይደለም። ከመታመሟ በፊት የተሠሩ የደም ምርመራዎቿን ፈልጋ ለሐኪሟ እንድታሳይና የደፊ የደም ዓይነቷ እንዲመረመር እንድትጠይቅ መከርናት። የደፊ ምርመራ በየደም ባንኩ የሚሠራ፣ ያረጀ ሥራ ነው።

ለሀገር ቤት ባልደረቦቻችንም የምንለው አለን። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰር ሁሉ የበዛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት 16,000 ያህል ሴቶች ይያዙበታል። ብዙዎቹ ዕብጠቱ ከገነነ በኋላ ስለሚመጡ ኬሞቴራፒን አስቀድሞ መስጠት ለእነርሱ ግድ ይሆናል። የደም ቆጠራው ወረቀት በጥቁር አንበሳም ሆነ በጎንደርና በጅማ በየሕመምተኛዋ መዝገብ ውስጥ ይገባል። የጎደለው መሣሪያ አይደለም። ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት የተቀዳው ደም ተለይቶ ይመዝገብ፤ ዴክሳሜታዞን የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሰገራዋ ለትል ይመርመር፤ የደፊ ዓይነቷ ይታወቅ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሥጋው ውስጥ የተገኘው ከዚሁ ጋር ይያያዝ። ድንበሩን በስተኋላ ሳይሆን በቅድሚያ ወስኖ ጥቂት መቶ ሴቶችን በዚህ መንገድ የተከተለ ሆስፒታል፣ ከኒው ዮርክም ከሴኡልም ሊገኝ የማይችል መልስ ያገኛል። በውጭ ያለን ባለሙያዎች ስሌቱን በመሥራትና የደፊ መመርመሪያ ፈሳሹን በመላክ ልንረዳ እንችላለን፤ ሌላ ግብዣ የሚያስፈልገን አይመስለንም።

እኅታችን የዐሥራ አራት ዓመት የደም ውጤቶቿን አሰባስባ ለሐኪሟ ሰጠች፤ ኒውትሮፊሏ አንድ ጊዜም ከ2,000 አልፎ አያውቅም። የደፊ ምርመራውም እንደተገመተው ሆነ። ሐኪሟ የራሷን ድንበር አውጥቶላት የቀሩትን ዙሮች በየቀናቸው ፈጸመች፤ ትኩሳትም አልያዛትም። ከሕክምናው በፊት ውድሯ 1.1 ነበር። በቀዶ ሕክምናው በወጣው ሥጋ ውስጥ ግን የተረፈ ካንሰር ተገኝቶባታል፤ ለዚህ የታዘዘላትን እንክብል ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አራተኛ ዙር ላይ ደርሳለች።